የጥርስ ጉዞ ወደ ነፋስ ስልክ ላፍቶ

ክረምት ገብቶ የአሜሪካና የአውሮፓ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ እንደገናም ገናና ጥምቀት ሲቃረቡ፣ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በሻንጣ ይጨናነቃል። ከባለ ሻንጣዎቹ ብዙዎቹ ዘመድ ጠይቀው ሳይጨርሱ ስለ ጥርስ ሐኪም ማጠያየቅ ይጀምራሉ፤ ገና ከቤታቸው ሳይነሡ ሲያሰላስሉት የከረሙት ጉዳይ ነውና። በወሎ ሰፈር አድርጎ ወደ ጎተራ የወረደ፣ ማሳለጫውን አልፎ ወደ ጎፋ የታጠፈ፣ ከዚያም በላፍቶ በኩል ወደ ጀርመን አደባባይ፣ ወደ ለቡና ወደ ጀሞ የዘለቀ መንገደኛ በየሕንጻው ፎቅ ላይ ነጭ ጥርስ የተሣለበት ሰሌዳ ማየቱ አይቀርም። ከሥሩ ባንክ፣ ከጎኑ ካፌ፣ ከላዩ ክሊኒክ። ነፋስ ስልክ ላፍቶ አገር ጎብኚ የሚጎርፍበት ክፍለ ከተማ አይደለም፤ ሙዚየም ፍለጋ ወደ ጀሞ የሚወርድ የለም። የጋራ መኖሪያ ቤት፣ ጋራዥ፣ መጋዘን፣ የሚኒባስ ተራና የሰንበት ገበያ ያለበት፣ ሰው ኑሮውን የሚኖርበት ሰፈር ነው። ይሁንና ጥርሱን ሊያሳክም ውቅያኖስ የሚያቋርጠው ሰው ከሆቴል ይልቅ እህቱ ጎፋ፣ እናቱ ሳር ቤት፣ ወይም ራሱ ከውጭ ገንዘብ እየላከ ያሠራው ቤት ለቡ ስለሆነ ማረፊያው እዚሁ ይሆናል። ታማሚ ደግሞ በእግሩ ደርሶ በሚመለስበት ቦታ መታከም ይወዳል።

የሚመጡበትን ምክንያት ለማወቅ የሚኖሩበትን አገር ሕግ ማየት ይበቃል። የአሜሪካ መንግሥት ለአረጋውያን የሚሰጠው የጤና መድን፣ ሜዲኬር፣ እ.ኤ.አ. በ1965 ሲደነገግ ጥርስን ከሽፋኑ ውጭ አድርጎ ነው፤ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ዛሬም እንደዚያው ነው። በመሥሪያ ቤት በኩል የሚገኘው የጥርስ መድን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በዓመት ከ1,000 እስከ 2,000 ዶላር ከፍሎ እጁን ይሰበስባል። አንድ ተተካይ ጥርስ፣ ኢምፕላንት የሚባለው፣ ከነሽፋኑ ከ3,000 ዶላር በላይ በሚጠየቅበት አገር ይህ ገንዘብ የትም አያደርስም። የእንግሊዝ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ1948 ሲጀመር የጥርስ ሕክምናም በነጻ ነበር፤ ሦስት ዓመት ሳይሞላው፣ በ1951፣ ለሰው ሠራሽ ጥርስ ክፍያ መጣ። በኤፕሪል 2025 በወጣው የእንግሊዝ ታሪፍ ከሽፋንና ከድልድይ ጋር የሚሠራው ከፍተኛው የሕክምና እርከን 326 ፓውንድ ከ70 ነበር። ይህ ለሎንደን ነዋሪ ውድ የሚባል አይደለም፤ ችግሩ በዚህ ዋጋ አዲስ ታካሚ የሚቀበል ሐኪም ማግኘቱ ላይ ነው። ቤይሩት፣ ሪያድና ዱባይ በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩት እህቶቻችን ጉዳይ ደግሞ ከሁሉም ይለያል። እነሱ ዘንድ የዋጋው ነገር ከመነሣቱ በፊት ከአሠሪ ፈቃድ አግኝቶ ከቤት መውጣት አለ። ዲያስፖራ የሚለው ስያሜ ሜሪላንድ ቤት የገዛውንና ጅዳ በአሠሪዋ ማድ ቤት ጥግ የምታድረውን አንድ ላይ ጠቅልሎ ይጠራል፤ የጥርስ ሂሳባቸው ግን ለየቅል ነው።

እንግዲህ አዲስ አበባ የጥርስ ሕክምና ርካሽ ነው ሲባል ርካሹ ምኑ ነው? የእኔ መልስ አጭር ነው፤ ርካሹ ብሩ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲፈቅድ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። የሐኪሙ እጅ በዚያ ሳምንት አልተለወጠም፤ ወንበሩም መብራቱም ያው ነበር። በዶላር የሚያስብ ሰው ግን ከተማው በአንድ ወር ውስጥ በግማሽ ያህል የረከሰ መሰለው። ይህን ልብ ያለ ሰው የክሊኒኩን ዋጋ ለሁለት ከፍሎ ማየት አይከብደውም። አንደኛው ክፍል በብር የሚኖረው ነው፤ የሐኪሙ፣ የነርሷና የጽዳት ሠራተኛዋ ደመወዝ፣ የቤት ኪራይ፣ መብራትና ውኃ። ሁለተኛው በዶላር ተገዝቶ የሚገባው ነው፤ የማደንዘዣው ብልቃጥ፣ ጥርስ የሚሞላበት ኮምፖዚት፣ ጓንቱ፣ የኤክስሬይ መሣሪያው፣ ከስዊዘርላንድ፣ ከስዊድን ወይም ከደቡብ ኮሪያ የሚመጣው የቲታኒየም ብሎን፣ ሽፋን የሚጠረብበት ዚርኮኒያ። አገር ውስጥ የማይመረተው ዕቃ ሁሉ መርካቶም ሆነ ጎፋ ሲደርስ ዋጋው የዓለም ዋጋ ነው፤ ማጓጓዣውና ቀረጡ ሲጨመር እንዲያውም ሊበልጥ ይችላል። ብር ሲወድቅ የሚረክሰው የመጀመሪያው ክፍል ብቻ ነው።

አሁን ይህን ስሌት በወንበሩ ላይ ወደሚሠራው ሥራ እናምጣው። ጥርስ ማሳጠብ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ የእጅ ሥራ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት የባለሙያ ድካም። ጥርስ መንቀል ትንሽ ማደንዘዣና ብዙ ልምድ ይጠይቃል። ሙሌት ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ዕቃ ይፈልጋል። የጥርስ ሥር ሕክምና፣ ሩት ካናል የምንለው፣ በቀጫጭን መርፌዎች ተቀምጦ ማጽዳትን፣ ትዕግሥትንና ተደጋጋሚ ኤክስሬይን ይጠይቃል፤ ዋጋውን የሚያንረውም የሰዓቱ ብዛት ነው። በነዚህ ሁሉ የዋሽንግተኑና የጎፋው ዋጋ መራራቁ ተፈጥሯዊ ነው፤ የልዩነቱ መነሻ የሰው ጉልበትና የኪራይ ዋጋ ስለሆነ ማንም ምንም አላጓደለም። ወደ ኢምፕላንትና ወደ ሙሉ አፍ ሽፋን ስንመጣ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ከሂሳቡ ብዙውን የሚይዘው ከውጭ የሚመጣው ዕቃ ነው። ስለዚህ እንግዳው በጣም የሚጎመጅበት ቅናሽ፣ አሜሪካ በሺዎች የሚጠየቅበት ሥራ እዚህ በአሥረኛው ሲባል የሚሰማው፣ ጥያቄ የሚገባው ቅናሽ ነው። ዕቃው የዓለም ዋጋ እያለው አጠቃላዩ ዋጋ እንዲህ ከወረደ የተቀነሰ ነገር መኖር አለበት። የብሎኑ ዓይነት ሊሆን ይችላል፣ የላብራቶሪው ጥራት ሊሆን ይችላል፣ ከመትከል በፊት መነሣት የነበረበት ባለ ሦስት ገጽታ ምስል ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚቀነሰው ግን ጊዜ ነው፤ እሱ ደግሞ በደረሰኝ ላይ ስለማይጻፍ ማንም አያየውም።

ስለ ጊዜ ስናወራ አጥንት የሚያዘንን እንሰማለን። ስዊድናዊው ፕሮፌሰር ፐር ኢንግቫር ብሮነማርክ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በጥንቸል እግር አጥንት ውስጥ ያስገባውን የቲታኒየም መመልከቻ መልሶ ሊያወጣው ቢታገል አቃተው፤ አጥንቱ ከብረቱ ጋር ተዋህዶ ነበር። የመጀመሪያውን ሰው በ1965 ያከመውም በዚያ ግኝት ነው። የዛሬው ኢምፕላንት ሁሉ የቆመው በዚያ ውህደት ላይ ሲሆን ውህደቱ በተለምዶ ከ3 እስከ 6 ወር ይፈጃል። የተበላሸው ጥርስ መጀመሪያ መነቀል ካለበትና ቁስሉ መዳን ካለበት የመጠበቂያው ጊዜ ከዚያም ይረዝማል። በእኛ አቆጣጠር ብናሰላው፣ ነገሩ ሁሉ ተሳክቶ በመስቀል ብሎኑ የተተከለለት ሰው ለጥምቀት ሽፋኑን ቢያገኝ ጥሩ ነው። የሦስት ሳምንት ፈቃድ ይዞ የመጣ ሰው በዚህ ስሌት ውስጥ አይገባም። ሁለት ጊዜ መምጣት አለበት፤ ሁለት ደርሶ መልስ ቲኬት ማለት ነው፤ ከዋሽንግተን ለእያንዳንዱ ብዙ ጊዜ ከ1,000 ዶላር አያንስም። የአንድ ጥርስ ቁጠባ ለአየር መንገድ ተከፈለ ማለት ነው።

በአንድ ቀን ተተክሎ በዚያው ቀን ጥርስ ይዞ መውጣት ይቻላል የሚል ሰው ይኖራል። እውነት አለው፤ አጥንቱ ጠንካራ ለሆነና ንክሻው ለተስማማ ታካሚ ይህ ይደረጋል። ነገር ግን በዚያ ቀን የሚገጠመው ጥርስ ጊዜያዊ ነው፤ ዋናው የሚሠራው ከወራት በኋላ ሐኪሙ ውህደቱን አይቶ ሲያረጋግጥ ነው። ማስታወቂያው የመጀመሪያውን ቀን ብቻ ያሳያል። የላይኛው መንጋጋ አጥንቱ ሳስቶ ከአፍንጫ ጎን ወዳለው ጎድጓዳ፣ ወደ ሳይነስ፣ የሚጠጋ ሥራ ለተሠራለት ሰው ደግሞ ሐኪሞች ለተወሰኑ ሳምንታት በአውሮፕላን እንዳይበር ይመክራሉ። እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። የአውሮፕላን ውስጥ ግፊት ቢበዛ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ ሰው እንዲሰማን ተደርጎ ነው የሚስተካከለው፤ ቦሌ ራሱ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ከአዲስ አበባ የሚነሣ ሰው ሲነሣ ብዙም ለውጥ አይሰማውም። ሕመሙ የሚመጣው አውሮፕላኑ ከባሕር ወለል ብዙም ወደማይርቀው ዋሽንግተን ሲወርድ ነው፤ ሐኪሙ በሌለበት ማለት ነው።

በዓለም ላይ በጥርስ ጉዞ ስማቸው የታወቀ ከተሞች የት እንዳሉ ማየት ነገሩን ያብራራዋል። የሃንጋሪዋ ሞሾንማጅያሮቫር ከኦስትሪያ ድንበር አጠገብ ናት፤ የቪየና ሰው ጠዋት መኪናውን አስነሥቶ ታክሞ ማታ ቤቱ ይገባል። የሜክሲኮዋ ሎስ አልጎዶኔስ በአሪዞና ዩማ አቅራቢያ ያለች ትንሽ ከተማ ስትሆን ኑሮዋ በጥርስ ሐኪሞች ላይ ነው፤ አሜሪካዊው ጡረተኛ ድንበሩን በእግሩ ተሻግሮ ይገባባታል። ሁለቱም ርካሽ የሆኑት የእጅ ዋጋ ስለሚያንስባቸው ነው፤ የሠመሩት ግን ታካሚው በሚቀጥለው ሳምንት፣ ሲያመውም በማግሥቱ ተመልሶ መምጣት ስለሚችል ነው። ኢስታንቡል ይህን ጥቅም የላትም፤ ሰውን በአንድ ሳምንት ጨርሳ በመላክ ነው ዝናዋ የወጣው። ብዙ ወጣቶች ጤነኛ ጥርሳቸው ለሽፋን ተሞርዶ ሲመለሱ የእንግሊዝ የጥርስ ሐኪሞች በይፋ ያስጠነቀቁት ለዚሁ ነው። ኢናሜል አንዴ ከተሞረደ አይበቅልም። አዲስ አበባ ከሜሪላንድ ተሰልታ ስትታይ ለኢስታንቡል እንጂ ለሎስ አልጎዶኔስ አትቀርብም። የኢስታንቡልን የችኮላ አሠራር ወደ ነፋስ ስልክ ላፍቶ ማምጣት ይቻላል፤ እንዳይመጣ የሚከላከለው ግን የታካሚው ትዕግሥት ብቻ ነው።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ ልግባ። የመጀመሪያውና በየሰዉ አፍ ያለው፣ «የእኛ አገር ሐኪም ይቻለዋል ወይ?» የሚለው ነው። ጥያቄው ሲነሣ ከሥር ያለው ንቀት ይሰማኛል፤ መልሱ ግን በኩራት ሊሰጥ አይገባም። የጥርስ ሕክምና በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በጎንደርና በመቀሌ ዩኒቨርሲቲዎች ይሰጣል። የጤና ሚኒስቴር ተመራቂዎችን የብቃት ምዘና ፈተና ያስፈትናል፤ ክሊኒኮቹን የሚፈቅድና የሚቆጣጠር የከተማው ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት አለ። ሐኪሞቹ በቀን የሚያዩት ሰው ብዛት ራሱ ትምህርት ቤት ነው፤ አስቸጋሪ ጥርስ መንቀልን በተመለከተ የጎፋውን ሐኪም ብዙ የሜሪላንድ ሐኪሞች የሚበልጡት አይመስለኝም። የሚለያየው ከክሊኒክ ክሊኒክ ነው፤ የሚለያየውን ደግሞ በሕንጻው መስታወት መለየት አይቻልም። በእንግዳ መቀበያው ሶፋም አይለይም። መለያው የመሣሪያው ንጽሕና ነው። የጉበት በሽታ የሚያመጣው ሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ ለ7 ቀን ሊቆይ ይችላል፤ የሚገድለው አውቶክሌቭ የሚባለው የእንፋሎት ማምከኛ በ121 ዲግሪ ለ15 ደቂቃ ወይም በ134 ዲግሪ ቢያንስ ለ3 ደቂቃ ሲሠራ ነው። የታሸገ መሣሪያ ዓይኑ እያየ ሲከፈትለት ያየ ታካሚ ስለ ክሊኒኩ ብዙ ነገር አውቋል። ያላየ ቢጠይቅ ነውር የለውም፤ ጥያቄው የሚያስቀይመው ሐኪም ካለ እሱም መልስ ነው።

ስለ ችሎታ ከተነሣ አይቀር፣ የእኛ ሐኪሞች ከውጭዎቹ አብልጠው የሚያውቁት አንድ ነገር አለና እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ። በስምጥ ሸለቆ ያደገ ብዙ ሰው ጥርሱ ቡናማ ነው። ወንጂ፣ መተሐራ፣ ባቱ እና ዙሪያቸው የሚገኘው የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይዱ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው በሊትር 1.5 ሚሊግራም ወሰን በብዙ ቦታ ያልፋል። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ ሲጀምር ከየአገሩ የሄደው ሠራተኛ ልጆቹን በዚያ ውኃ ነው ያሳደገው፤ የነፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ጥናትም የጥርሱን ብቻ ሳይሆን የአጥንቱንና የነርቩን ጉዳት ለዓለም አሳውቋል። ፍሎራይዱ ጥርስን የሚያበላሸው ጥርሱ ድድ ውስጥ ሳለ፣ በልጅነት ሲሠራ ነው፤ አድጎ ወደዚያ የሄደን ሰው ጥርስ አይነካም። ከዚያ አካባቢ ወጥቶ ዴንቨር ወይም ሚኒያፖሊስ የሚኖር ሰው አፉን ሲከፍት፣ ነገሩን ደጋግሞ አይቶ የማያውቅ ሐኪም የንጽሕና ጉድለት ወይም የሲጋራ እድፍ ሊመስለው ይችላል፤ ይባስ ብሎም ሁሉንም ጥርስ በሽፋን እናልብሰው ሊል ይችላል። አዲስ አበባ ያለው ሐኪም በየሳምንቱ ስለሚያየው ቀለሙ ቀለል ያለ ከሆነ ላዩን በስሱ በመፋቅና በማንጻት እንደሚሻሻል፣ ጠለቅ ካለ ደግሞ ፊት ያሉትን ብቻ በኮምፖዚት መሸፈን እንደሚበቃ ያውቃል። ይህ ለእንግዳው በእርግጥ የሚጠቅም ጉዞ ነው፤ የሚቆጥበው ገንዘብ ብቻ አይደለም፣ ጥርሱን ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከነዋሪው ወገን የሚመጣ ነውና ከመጀመሪያው ይከብደኛል። ጀሞ አንድ ኮንዶሚኒየም በኪራይ የምትኖር፣ ደመወዟ በብር የሆነ መምህርት፣ እንግዳው ርካሽ ብሎ የሚገባበትን ክሊኒክ ደረጃ ወጥታ ዋጋውን ጠይቃ ተመልሳ ትወርዳለች። ለእሷ ወንበሩ ውድ ነው። ለእንግዳው ጥርሱን ያረከሰው ያ የሐምሌ ውሳኔ ለእሷ የኮምፖዚቱን ዋጋ አንሮባታል፤ በእርግጥ ብዙ አስመጪዎች ቀድሞም የሚያሰሉት በጥቁር ገበያ ዋጋ ስለነበር ጭማሪው በአንድ ጀንበር የመጣ አይደለም። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን አባል ብትሆን እንኳ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ መነጽርና ለውበት የሚደረግ ሕክምና ከሽፋኑ ውጭ ናቸው። ጤና ጣቢያ ብትሄድ የታመመው ጥርስ መነቀሉ አይቀርም፤ ማዳን ግን ሌላ ገንዘብ ነው። ስለዚህ እሷ የምታስነቅለውን ዓይነት ጥርስ እንግዳው ያሳክማል፤ በአንድ ሕንጻ፣ በአንድ ሐኪም እጅ። ይህን አይቶ እንግዳው ዋጋ አስወደደብን የሚል ሰው ቢኖር አልፈርድበትም።

ግን ተጠያቂው እንግዳው ነው ብዬ አላምንም። ክሊኒኮቹ በዓመት ሁለት ሰሞን በሚመጣ ሰው አይኖሩም፤ ኪራያቸውን የሚከፍልላቸው የሰፈሩ ሰው ነው። የሚያሳስበኝ ሌላ ነጥብ ነው። ዲያስፖራው ምንዛሪ ስላመጣ አገር ተጠቀመች ሲባል ይሰማል፤ ይህ እውነት የሚሆነው ዶላሩ በባንክ ሲመነዘር ነው። በየሱቁ ጓሮ ተመንዝሮ ክሊኒኩ የሚደርሰው ብር ነው፤ በብር ደግሞ ከኮሪያ ብሎን አይገዛም። ሐኪሙ ዕቃ ሲያልቅበት ለባንክ ያመለክታል፣ ይጠብቃል፤ እስኪያገኝ ድረስም ያለውን ያብቃቃል። በ2014 ዓ.ም. መንግሥት አንድ ሚሊዮን ዲያስፖራ ለገና ወደ አገሩ ይግባ ብሎ ጥሪ ሲያደርግ ሆቴሉና አየር መንገዱ ቅናሽ ይዘው ወጥተው ነበር። ያንን ያህል ሰው ለመቀበል የሚያስብ አገር የሚከፈለው ዶላር የጥርስ ዕቃ ሆኖ ተመልሶ የሚገባበትን መንገድም ማሰብ ነበረበት። ለእንግዳና ለነዋሪ ሁለት ዋጋ ይኑር የሚለውን ሐሳብ ግን አልቀበልም። ሁለት ዋጋ ያለበት ቤት ሦስተኛም አያጣም። ዋጋው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ሁሉም ያንብበው።

በአንጻሩ በዚያው በቦሌ በር ወደ ውጭ የሚወጣም አለ። የልብ፣ የካንሰርና የኩላሊት ታማሚ ከሕክምና ቦርድ ማስረጃ ይዞ ወደ ባንኮክ፣ ወደ ዴልሂ ወይም ወደ ኢስታንቡል ይሄዳል። ይህን የሚያነሡ ሰዎች «ለከባዱ እኛ ወደ ውጭ፣ ለቀላሉ እነሱ ወደ እኛ» ብለው ይቀልዳሉ። ቀልዱ የሚስተው ነገር አለ፤ የሚወጣው የሚሄደው እዚህ የሌለ መሣሪያ ፍለጋ ነው፣ የሚገባው የሚመጣው ዋጋው ያነሰ እጅ ፍለጋ ነው። ለዚህ ነው የጥርስ ጉዞ መሣሪያ በበዛበት ሥራ ላይ ሲመሠረት የሚከስረው፣ እጅ በበዛበት ሥራ ላይ ሲመሠረት የሚያተርፈው።

ከዚህ የሚወጣው ምክር ለሁሉም አንድ አይደለም። ከአሜሪካ ለጥርስ ብሎ ብቻ ቲኬት የሚቆርጥ ሰው ብዙ ጊዜ ሂሳቡን ተሳስቷል፤ ለሠርግ፣ ለተዝካር ወይም ለእናቱ ሲል የሚመጣ ግን ቲኬቱ ቀድሞም የተከፈለ ስለሆነ እጥበቱ፣ ሙሌቱና ሩት ካናሉ ንጹሕ ትርፍ ናቸው። ሎንደን ውስጥ የመንግሥት ጥርስ ሐኪም ያለው ሰው ሽፋኑን እዚያው ቢያሠራ ይሻለዋል። የቤት ሠራተኛዋ ግን ከማናቸውም በላይ ልትበረታታ የሚገባት መንገደኛ ናት። አዋጅ ቁጥር 923/2008 የደርሶ መልስ ትራንስፖርቱን በአሠሪው ላይ ስላደረገው፣ ውሏ እንደ ሕጉ የሆነላት ሴት ከቲኬት ሂሳብ ነጻ ናት። ለሁለት ዓመት የታገሠችው ሕመም ደግሞ የውበት ጉዳይ አይደለም። ሙሉ ምርመራ ሳያደርጉላት ስለ ፈገግታ ማሳመሪያ የሚያወሩላትን ትታ ትውጣ። የላኪ ኤጀንሲዎች ከጉዞ በፊት የሚያስደርጉት የጤና ምርመራ አፍን ቢጨምር ብዙ ስቃይ ይቀር ነበር፤ መቆርቆር ያለበት መሥሪያ ቤት ካለ እዚህ ላይ ይጀምር።

የሚመጡ ሁሉ አንድ ነገር ያስተካክሉ። የጥርስ ቀጠሮ በመጨረሻው ሳምንት፣ ሽኝትና ሻንጣ ሲደራረብ አይያዝም፤ በገቡ በማግሥቱ ይያዝ። ሐኪሙ የሥራ ዕቅዱንና ዋጋውን በጽሑፍ ይስጥ፤ የኤክስሬዩ ምስል በስልክ ይላክ። ኢምፕላንት ያስተከለ ሰው ደግሞ ከብሎኑ ማሸጊያ ላይ ያለችው፣ የአምራቹ ስም፣ መጠኑና የምርት ቁጥሩ ያለባት ትንሽ ተለጣፊ ወረቀት በሕክምና ካርዱ ላይ ተለጥፋ እንድትሰጠው ይጠይቅ። ብሎኑ የሚፈታበት መሣሪያ ብዙ ጊዜ እንደ አምራቹ ይለያያል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ሽፋኑ ቢላላ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቀው የአምራቹን ስም ነው።